ረጅሟ ወይስ አጭሯ? ለጣና የምትሆን ጠባብ ጀልባ ስትመርጡ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከባህር ዳር ደወለልኝ። ጀልባ ሊገዛ ነው። የሞተሯን አይደለም፤ በእጅ የምትቀዘፈዋን፣ ካያክ የምንላትን ጠባቧን። ሁለት አግኝቷል። አንዷ 3 ሜትር፣ ሌላዋ 5 ሜትር ከ20። «ረጅሟ ናት አይደል የምትፈጥነው?» አለኝ። እኔም «ማን ነው የሚቀዝፋት?» ብዬ ጠየቅኩት።

ገረመው። የጠየቀኝ ስለ ጀልባ ነው፣ እኔ ደግሞ ስለ ሰው አወራለሁ። ግን የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያው ላይ ነው። ርዝመት ብቻውን ጀልባን አያፈጥንም። ርዝመት የሚያደርገው የፍጥነቷን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ነው። ጣሪያው ጋ የሚያደርሳት የቀዛፊው ክንድ ነው። ክንዱ ከደከመ ረጅሟ ከአጭሯ ኋላ ልትቀርም ትችላለች።

በስልክ ያልጨረስኩለትን እዚህ ልጨርሰው። እሱን መሰል ጥያቄ ያላችሁ ሰዎች ጥቂት እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ።

ውሃ ጀልባን እንዴት ይይዛል?

ውሃ ጀልባን ወደ ኋላ የሚጎትተው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሰበቃ ነው። ውሃ ውስጥ የገባው የጀልባ ገላ በሙሉ ከውሃው ጋር ይፋተጋል። የገባው ገላ ሲበዛ ሰበቃው ይበዛል። ገላው ሸካራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቀስ ብለን ስንቀዝፍ ጉልበታችንን የሚበላው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሞገድ ነው። ጀልባዋ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ ከፊቷ ጉብታ ይነሳል። ከእሱ ኋላ ሌላ ጉብታ ይከተላል። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት እንደ ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ርቀቱ 1 ሜትር ከ25 ገደማ ነው። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ስትደርሱ ወደ 4 ሜትር ያድጋል። አሁን ጀልባችሁ 4 ሜትር ናት እንበል። በዚህ ፍጥነት አፍንጫዋ አንዱ ጉብታ ላይ ነው፣ ጭራዋ ቀጣዩ ላይ፣ ሆዷ መሃል ጎድጓዳው ውስጥ። ከዚህ በላይ ልፍጠን ስትሉ የኋላው ጉብታ ከጭራዋ አልፎ ይሄዳል። ጭራዋ ይሰጥማል፣ አፍንጫዋ ቀና ይላል። ጀልባዋ ራሷ የሠራችውን ዳገት ልትወጣ ነው። የጮቄን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ጉልበት ይጨመራል፣ መንገዱ ግን አይገፋም።

ጣሪያ ያልኩት ይኼን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የጀልባዋን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ4.5 አባዙት። የምታገኙት ቁጥር በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነግራችኋል። ለ3 ሜትሯ 7.8 ይመጣል። ለ4 ሜትር ከ20 ጀልባ 9.2። ለ5 ሜትር ከ20ዋ 10.3። ልብ በሉ፤ ከአጭሯ ወደ ረጅሟ ርዝመቱ በ73 በመቶ ጨምሯል፣ ጣሪያው የጨመረው ግን በ32 በመቶ ነው። ለጨመራችሁት ርዝመት ሁሉ እኩል ፍጥነት አይመለስላችሁም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስምርበት። የሚቆጠረው ውሃውን የሚነካው ርዝመት ብቻ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር ብትሆንም ውሃው ላይ ያለችው 4 ሜትር ብቻ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ስትለኩ ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና፣ ሰው ተቀምጦባት ይሁን።

ሦስቱን በእኛ ጉልበት ስንመዝናቸው

ደህና ጤና ያለው ሰው ሳይቸኩል ሲቀዝፍ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሞገዱ ሸክም በግልጽ መሰማት የሚጀምረው ደግሞ ጣሪያው ላይ ከመድረሳችን በፊት ነው። ሁለት ሦስተኛውን ስናልፍ ክንዳችን ያውቀዋል።

በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለ3 ሜትሯ የጣሪያዋ 77 በመቶ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋ ላይ ውሃው ሲቆለል ታያላችሁ፣ ክንዳችሁም ይዝላል። ለ4 ሜትር ከ20ዋ 65 በመቶ ነው። ገና መጀመሩ ነው። ለ5 ሜትር ከ20ዋ 58 በመቶ ብቻ ነው፤ ሞገዱ ምንም አይላትም። እስከዚህ ረጅሟ አሸንፋለች።

አሁን ደግሞ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እንሂድ። ከልጅ ጋር፣ ወፍ እያዩ፣ እያወሩ። በዚህ ፍጥነት ሞገድ ከቁም ነገር አይገባም። የቀረው ሰበቃ ነው። ሰበቃ ደግሞ ብዙ ገላ ውሃ ውስጥ ባስገባችው ላይ ይበረታል። ብዙ ጊዜ ያቺ ረጅሟ ናት። ዝግ ብሎ ለሚቀዝፍ ሰው 5 ሜትር ከ20 ማለት የማይጠቀምበትን ሸክም መጎተት ነው።

በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዊሊያም ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህንኑ በሙከራ አይቶታል። ሁለት ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ሞዴሎች ሠርቶ ውሃ ላይ ጎተታቸው። አንደኛውን «ቁራ»፣ ሌላኛውን «ስዋን» (አንገተ ረጅሟ የውሃ ወፍ) አላቸው። ቁራው ጫፉ ሹል ነው፣ ስዋኑ ደግሞ ደንደን ያለ። በዝግታ ሲጎተቱ ቁራው ቀለል ብሎ ሄደ። ፍጥነቱ ሲጨምር ስዋኑ በለጠው። ለሁሉም ፍጥነት የሚሆን አንድ ቅርጽ እንደሌለ የታየው ያኔ ነው። ሻጭ «ይቺ ለሁሉም ትሆናለች» ሲላችሁ ይኼን አስታውሱ።

የጉልበቱንም ነገር ልጨምር። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ እጥፍ ጉልበት አይበቃም። ሰበቃውን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ስምንት እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። በሰዓት ከ3 ወደ 6 መድረስ ይህን ያህል ነው። ከ6 ወደ 12 መሄድ ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ የሆነው ለዚህ ነው።

ከርዝመት ይልቅ ጥበት

ሰው ሁሉ ርዝመት ርዝመት ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ወርዱን ነው።

ቅድም ጣሪያ ያልኩት ነገር ለሁሉም ጀልባ እኩል አይደለም። ወፍራም ጀልባ ትልቅ ጉብታ ታነሳለች፣ ዳገቷም ከባድ ነው። እጅግ ቀጭን ጀልባ ግን ውሃውን ስንጥቅ አድርጋ ስለምታልፍ ጉብታዋ ትንሽ ነው። ትንሽ ዳገት ደግሞ ይወጣል። የኦሊምፒክ ካያክን ተመልከቱ። ለአንድ ሰው የሚሠራው ከ5 ሜትር ከ20 መብለጥ የለበትም። ሕጉ ነው። በእኛ ስሌት ጣሪያው በሰዓት 10.3 ኪሎ ሜትር ነው። ጎበዞቹ ግን 1,000 ሜትሩን ከ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል። ይህ በሰዓት ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣሪያውን በርቅሰው ወጥተዋል ማለት ነው። ወዳጄ የጠየቀኝ ረጅሟ ጀልባም ልክ 5 ሜትር ከ20 ናት። ርዝመታቸው አንድ ነው፣ ወርዳቸው ግን አይገናኝም። የኦሊምፒኩ ጀልባ ውሃው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው።

ስለዚህ ርዝመቱን ለወርዱ አካፍሉት። 3 ሜትር በ75 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጀልባ 4 ትሰጣለች። 4 ሜትር ከ20 በ60 ደግሞ 7። 5 ሜትር ከ20 በ55 ከ9 በላይ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጀልባዋ ለመፍጠን ፈቃደኛ ናት።

ታዲያ ሁላችንም ቀጭኗን ለምን አንገዛም? ትገለብጣለቻ። የጀልባ ቀጥ ብሎ የመቆም አቅም ከወርዷ ጋር እኩል አይቀንስም። ወርዱን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ እንዳባዛነው ነው የሚያሽቆለቁለው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 50 ስትወርዱ ወርዱ የቀነሰው አንድ ስድስተኛ ነው። ቀጥ ብላ የመቆም አቅሟ ግን 40 በመቶ ያህል ይሄዳል። 10 ሴንቲ ሜትር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ጠባብ ጀልባ ላይ በወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን ተገልብጫለሁ። የሕይወት አድን ጃኬት ለብሼ ነበር፣ ዳሩም ቅርብ ነበር። ጃኬቱን ያልለበስኩ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስካሁን አስባለሁ። እባካችሁ፣ ዋና ብትችሉም ልበሱት።

ደግሞ ሚዛን የፍጥነት ጉዳይም ነው። ልወድቅ ነው እያለ የሚቀዝፍ ሰው ግማሽ ቀዘፋው ራሱን ለማቆም ይውላል። ወደፊት የሚወስደው የቀረው ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሚንቀጠቀጥ ሰው 60 ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠው ቀድሞ ይደርሳል። ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ሆዷ ቅርጽ በአጭሩ። ክብ ሆድ ያላት ለተመሳሳይ ክብደት ትንሽ ገላ ነው ውሃ የምታስነካው፤ ስለዚህ ሰበቃዋ ያንሳል፣ ግን ትንከባለላለች። ጠፍጣፋዋ ስትቀመጡባት እንደ መደብ ናት፣ ሞገድ ሲመጣ ግን ከሞገዱ ጋር ታጋድላለች። መሃሏ ሹል የሆነችው ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከጎን ስታዩዋት ደግሞ እንደ ሙዝ የተቀለሰች ከሆነች ቶሎ ትዞራለች፣ ረጅም መንገድ ላይ ግን ቀጥ አድርጎ ማስኬዷ ያደክማል። ለጣና እኔ የምመርጠው ክብ ወደ ጠፍጣፋ ያደላ፣ ቅልሰቱ ትንሽ የሆነውን ነው።

ታንኳስ?

ስለ ጠባብ ጀልባ ጣና ላይ ተወርቶ ታንኳ ካልተነሳ ነውር ነው። በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል (ፓፒረስ) እያሰሩ ሲሠሯት ኖረዋል። ከዘጌ እንጨት ጭና ወደ ባህር ዳር ስትመጣ ያላያት የከተማው ልጅ የለም።

ታንኳ ከሌሎቹ የምትለየው ውስጧ ባዶ ባለመሆኑ ነው። የፕላስቲክ ወይም የፋይበርግላስ ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ አየር ስለያዘ ነው። ውሃ ከሞላባት አለቀላት። ታንኳን የሚያንሳፍፋት ግን ደንገሉ ራሱ ነው። ሞገድ ቢያልፍባት ውሃው በደንገሉ መሃል ሾልኮ ይወጣል። ከሁሉም ጀልባ ይህን አንድ ነገር አጥብቄ እወድላታለሁ።

ፍጥነቷን በቅድሙ ሚዛን ስናየው ግን ሦስት ነገር ይይዛታል። አንደኛ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስለሆነ ውሃ ላይ ያለው ርዝመቷ ከሚታየው ያንሳል። ሁለተኛ፣ ገላዋ የታሰረ ደንገል ነው፣ ሸካራ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ውሃ ትጠጣለች። ከቀን ወደ ቀን ትከብዳለች። ስትከብድ ዝቅ ትላለች። ዝቅ ስትል ብዙ ገላዋ ውሃ ውስጥ ይገባል። ባለታንኳዎች ሥራ ሲያበቃ ወደ ዳር አውጥተው አቁመው የሚያደርቋት ለዚህ ነው። በደንብ የደረቀች ታንኳና ውሃ የጠገበች ታንኳ ሁለት የተለያዩ ጀልባዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ታንኳ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ርዝመቷን ከመጠየቃችሁ በፊት መቼ እንደተሠራችና ስንት ቀን እንደደረቀች ጠይቁ።

የተቀለበሰው አፍንጫ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ሞገድ ሲመጣ ላዩ ላይ ይወጣበታል። ዳር ስትደርሱም ከመሬቱ ጋር ሳይጋጭ ቄጠማው ላይ ያንሸራትታችኋል። ለፍጥነት የተሠራ ነገር አይደለም፤ በደህና ለመመለስ የተሠራ ነው።

የጣና ደንገል ውቅያኖስ ድረስ እንደሄደም ላስታውሳችሁ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 (እ.ኤ.አ.) «ራ» ያላትን የደንገል ጀልባ ያሠራው ከጣና በመጣ ደንገል ነው። 15 ሜትር ያህል ነበረች። ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ጭራዋ ሰጥሞ ተተወች። በዓመቱ የሠራት ሁለተኛዋ አጠር ብላ 12 ሜትር ነበረች። እሷ ግን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ57 ቀን ቀዝፋ ሳይሆን በሸራና በውሃው ፍሰት ተጉዛ ባርባዶስ ደረሰች። በአማካይ በሰዓት ከ4.5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በስሌታችን ጣሪያዋ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ወደዚያ አልተጠጋችም፤ መጠጋትም አላስፈለጋትም።

ጣና የራሱ ጠባይ አለው

ጀልባ የሚመረጠው ለሚሄድበት ውሃ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ዳር ዳሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ወገብ አይደርስም። ይህ ለፍጥነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞገዱ የሚሄድበት ፍጥነት ራሱ ይገደባል። ውሃው ግማሽ ሜትር ከሆነ ገደቡ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 1 ሜትር ከሆነ 11 ገደማ። ወደ ገደቡ ስትጠጉ ጀልባዋ አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ያህል ትከብዳለች። 5 ሜትር ከ20ዋን ገዝታችሁ ዳር ዳሩን ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ርዝመቷን ትከፍሉበታላችሁ እንጂ አትጠቀሙበትም።

እንግሊዝ አገር በቦይ ውስጥ የሚሄዱ ወርዳቸው 2 ሜትር ከ10፣ ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር የሚደርስ ጠባብ ጀልባዎች አሉ። በርዝመት ብቻ ቢሆን በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር በተባሉ። ቦዩ ግን ጥልቀት የለውም፣ ጠባብም ነው። ብዙውን ጊዜ የተፈቀደላቸው በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ቢሄዱ ሞገዱ የቦዩን ግራና ቀኝ ይንደዋል።

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ሞገዱ አጫጭርና ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። አጭሯ ጀልባ በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ በየጊዜው ፍጥነቷ ይሞታል። ረጅሟ ሁለት ሞገድ ላይ ተዘርግታ ታልፋለች። ሜዳ ውሃ ላይ የማይታየው የርዝመት ጥቅም እዚህ ይታያል። ግን ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ረጅሟ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ከታች ትንሽ ክንፍ ወይም መሪ ከሌላት እጃችሁ አንድ ወገን ብቻ ሲቀዝፍ ይውላል።

መሪና ክንፍ ደግሞ እምቦጭ ይይዛቸዋል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህ የሁላችንም ራስ ምታት ሆኗል። በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የምትሄዱ ከሆነ ክንፉ ወደ ላይ የሚታጠፍ ይሁን።

የአባይ መውጫ አካባቢ፣ ደብረ ማርያም ጋ፣ ጉማሬ አለ። «ፈጣን ጀልባ ካለኝ አመልጣለሁ» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታስቡ። ከጉማሬ የሚያድነው ፍጥነት ሳይሆን ርቀት ነው። ካያችሁት ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ።

እንግዲህ የቱን?

ከልጆች ጋር ዳር ዳሩን ለመዝናናት ከሆነ 3 ሜትሯ ትበቃለች። ቶሎ ትዞራለች፣ ቀላል ናት፣ ቤት ውስጥም ቦታ አትይዝም። ከእሷ ፍጥነት አትጠብቁ።

በየቀኑ ራቅ ወዳለ ቦታ የምትሄዱ፣ ክንዳችሁም የለመደ ከሆነ 5 ሜትር ከ20ዋን ያለ ማመንታት ውሰዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ መያዝ መቻላችሁን ግን አስቀድማችሁ በተበደራችሁት ጀልባ ፈትኑ። ካልቻላችሁ እሷ ገና የእናንተ አይደለችም።

ዓሣ የምታጠምዱ ከሆነ ወርዱን አስቀድሙ። መረብ ሲጎተት ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች። ከ70 ሴንቲ ሜትር በታች አልመክርም። ፍጥነቱን በርዝመት ለማካካስ ሞክሩ።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሁለት አጫጭር ከመግዛት አንድ ረጅም የሁለት ሰው ይሻላል፤ ፍጥነት ነው የምትፈልጉት ከሆነ ማለቴ ነው። ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ ውሃ የሚነካው ገላ ግን እጥፍ አይሆንም። ትርፉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለቀረነው፣ ማለትም ቅዳሜና እሑድ ለምንቀዝፈው ብዙዎች፣ ምርጫዬ ከ4 ሜትር እስከ 4 ሜትር ከ50፣ ወርዷ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነች ናት። በእኛ ጉልበት ሞገዱም ሰበቃውም የማይከብዱባት እሷ ነች።

ስትገዙ አንድ ፈተና አድርጉ። የምትይዙትን ዕቃ ሁሉ ጭናችሁ ውጡ። በመደበኛ ፍጥነታችሁ ቀዝፉ። ከዚያ ዳር የቆመ ሰው ከጭራዋ በኩል ያለውን ውሃ ይይላችሁ። ውሃው ዝም ብሎ ከተዘጋ ጀልባዋ ትስማማችኋለች። ከተንቦጨቀና አፍንጫዋ ቀና ካለ ወይ አጥራባችኋለች፣ ወይ ዕቃው ወደ ኋላ በዝቷል። ዕቃውን ወደ መሃል አምጥታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

ወዳጄ የሚቀዝፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከ12 ዓመት ልጁ ጋር፣ ደብረ ማርያም ድረስ። ሁለቱንም ጀልባዎች ትቶ የሁለት ሰው የሆነች፣ ሰፋ ያለች ሌላ እየፈለገ ነው። አንዲት አይቷል። ቅዳሜ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ሊሞክራት ቀጠሮ ይዟል። ከዳር ሆኖ ጭራዋን የሚያይለት እኔ ነኝ።